በሠርጉ ካሴት ውስጥ የገቡት መላጦች

እትዬ የልጃቸውን ሠርግ ያዩት በቴሌቪዥን ነው። ልጅቷ ለንደን ስታገባ እናትየዋ ከፍራንክፈርት የሚወጡበት የጉዞ ወረቀት አልደረሰላቸውም ነበር። ቢሮው በሄዱ ቁጥር «ሌላ ቴርሚን፣ ሌላ ቀጠሮ እንስጥዎት» እየተባሉ ሲመለሱ ሠርጉ አለፈ። ታዲያ የሠርጉ ቪዲዮ ካሴት በፖስታ ሲመጣላቸው ብቻዬን አላየውም አሉ። «ሠርግ እንደ ዜና ተቀምጬ ላየው ነው? ሰው ጠርቼ፣ አብልቼ፣ እልል ብዬ ነው እንጂ!» አሉና እዚያው ፍራንክፈርት፣ ግሪስሃይም ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ እሑድ ከጸሎት መልስ፣ ደገሱ።

የእውነት ድግስ ነበር። ሶፋው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወንበር ከየጎረቤቱ ተለቅሟል፤ ድፎው ተቆርሷል፤ ሳምቡሳው በትሪ ተቆልሏል። የጸሎት ቤታቸው ሰዎች ከነልጆቻቸው መጡ። ጸሎት ቤት የማይሄዱትም መጡ፤ ከእነሱ አንዱ ጋሼ ነበሩ። ጋሼ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ የድሮ የተማሪ ማኅበር ሰው ናቸው። ለዚያ ቀን ሙሉ ልብሳቸውን ከነከረባቱ ለብሰዋል፤ በቴሌቪዥን ሠርግም ቢሆን የሙሽራዋ ወገን መሆናቸው እንዲታወቅላቸው። ቦርንሃይም ጸጉር ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ ደግሞ ጠዋት መጥታ የእትዬን ጸጉር ሠርታ፣ እሷም እንደ ሚዜ አጊጣ ተቀምጣለች።

እኔ ያን ጊዜ ቦከንሃይም ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቤት ተጋርቼ የምኖር ተማሪ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር በሄድኩበት ሁሉ «እንግሊዝኛ አዋቂዋ» ተብዬ እተዋወቃለሁ። የዚያን ቀን ይኸው ስም መዘዝ አመጣብኝ።

ካሴቱ ገባ። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ተነሥተው ቴሌቪዥኑን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉት፤ አቧራ ኖሮበት ሳይሆን ልጃቸውን መንካት አምሯቸው ነው። «ከስታለች» አሉ። «አልከሳችም፣ ቀሚሱ ነው» አለች ጸጉር ሰሪዋ። «ይቺን ጸጉር ግን ማን ሠራት?» መሐላው ተፈጸመ፣ ቀለበት ታሰረ፣ አዳራሽ ገባን። ዘመድ በታየ ቁጥር እያስቆምን፣ እየመለስን፣ እንደገና እልል እያልን ኬኩ ጋ ደረስን። ሙሽራው ቢላውን አነሣ። ሙሽራዋ እጇን በእጁ ላይ ጫነች። እትዬ አፋቸውን ለእልልታ ከፈቱ።

ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ነጭ መስመር ሮጠበት፣ ከዚያ ዝናብ ሆነ። ጭር ያለ መንገድ፣ አንድ ዓይነት የሸክላ ቤቶች፣ ሦስት ወጣቶች። ጸጉራቸው ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል፤ ሱሪያቸው ተጠቅልሎ እስከ ቅልጥማቸው የተጠለፈ ቡትስ ይታያል። ወደ እኛ እየመጡ ነው።

ማንም አልገባውም። ከኋላ አንድ ሰውዬ «የሙሽራው ወገኖች ናቸው?» አለ።

ያን ጊዜ መሳቅ አልቻልንም፤ ሳቁ የመጣው ቆይቶ ነው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። እንዲህ ያሉትን ልጆች እኛ «መላጦቹ» እንላቸው ነበር። በዜና የስደተኛ መኖሪያ ሲቃጠል እናያለን፤ ኤስ ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ቡትስ ካየን ፉርጎ እንቀይራለን። እና አሁን እዚህ፣ በሠርጋችን መሀል፣ ኬኩ ሳይቆረስ ገቡ። አንዲት እናት «በኢየሱስ ስም!» ብላ ልጇን እቅፏ ውስጥ ደበቀች። ጸጉር ሰሪዋ ልታጠፋው ተነሣች።

«እንዳትነኪው!» አሉ እትዬ። «ሠርጉ ይመለስ ይሆናል።»

ወደ ፊት አስሮጥነው። መላጦቹ እንደ ጉንዳን እየተሯሯጡ ተደባደቡ፣ ታርቀው ጠጡ፣ እንደገና ተደባደቡ። ልጆቹ መሣቅ ጀመሩ። ሠርጉ ግን የለም። ድንገት አንዲት ሴት የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አለፈች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ መልሺው» አሉ እትዬ። «ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?»

የሠርጉ ነገር ያበቃው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሠርጉን የጠየቀች አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም በጀርመንኛ «ሙሽራዋስ?» እያለች ሰሚ አጣች። ሰዉ ከመጀመሪያው ይታይ ብሎ ወሰነ፣ እኔም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ወንበር ተሰጥቶኝ ተርጓሚ ሆኜ ተሾምኩ።

የዚያ ከተማ እንግሊዝኛ እኔ ያስተማርኩት እንግሊዝኛ አልነበረም። ቃሉን ግማሹን ይውጡታል፣ የቀረውን ይተፉታል። የሚሰማኝም ቢሆን ጸሎት ቤት ደርሶ ለመጣ ሰው የሚነገር አይደለም። መላጣው ልጅ አለቃው ፊት ቆሞ፣ ጅማቱ ተገታትሮ፣ ለረጅም ጊዜ ጮኸ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ደስ አላለኝም ነው የሚለው» አልኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ይህን ሁሉ ተንጨርጭሮ ደስ አላለኝም ብቻ ነው ያለው?»

«በጣም ደስ አላለኝም።»

ፊት ተቀምጠው የነበሩ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው ለስላሳው በአፍንጫቸው ወጣ። ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚይዘው ጠፋ። መላጦቹ በተሳደቡ ቁጥር ሰዉ ገና እኔ ሳልናገር «ደስ አላላቸውም!» ብሎ በአንድ ድምፅ ይተረጉምልኛል። ለወራት ስንፈራቸው የኖርነው ልጆች በእትዬ ሳሎን ውስጥ ደስ ያላላቸው ልጆች ሆነው ቀሩ፤ እኔ እንባዬ እስኪፈስ፣ ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅኩ።

ግን እየሣቅንም እየተከተልን ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ልጁ አባት የለውም፤ እናቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። ከግድግዳው ማዶ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁር ቤተሰቦች አሉ፤ የእነሱ ልጅና እሱ አብረው ነው ያደጉት። መላጦቹ ልጁን አቅርበው፣ ላጭተው፣ ቡትስ አጥልቀውለት ሲያበቁ፣ «ወይ እኛን ወይ እሱን» ይሉታል። አስተያየት እንደ በረዶ ይወርድ ጀመር።

«ይህን ራስ የላጨ ሰው እጁ ይቆረጥ!» አለች ጸጉር ሰሪዋ። «ከጆሮው በላይ እዩት፣ ደረጃ ደረጃ ነው የሠራው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው ሰው የሚያስፈራሩት?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፋብሪካው ተዘግቷል፤ አላያችሁም? በሩ ላይ ሰንሰለት አለ። ይኼ የቆዳ ቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመደብ ጉዳይ ነው።»

«መደብም አልጋም የለው!» አሉ እትዬ። «ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው፣ እግሩ ውጭ አድሮ። ደግሞ ራቱን አልበላም። ትቶት ነው የወጣው።»

«እትዬ፣ መደብ ስል…»

«ይብላና ከዚያ ይንገሩት፣ ጋሼ።»

የጎረቤቱ ልጅ በታየ ቁጥር ቤቱ ይነሣል። «የኛ ልጅ መጣ!» ይባላል። አንዴ መላጦቹ መንገድ ላይ ሊይዙት ሲሉ በብስክሌት አመለጣቸው፤ ሴቶቹ ለሙሽራዋ ካሉት የሚበልጥ እልልታ አቀለጡት። በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

ከታች ፎቅ ያሉት አሮጊት ነበሩ፤ የሕንጻው ልጆች «ኦማ»፣ አያቴ እንደ ማለት፣ ይሏቸዋል፣ እኛም እንደ ልጆቹ። ሠርግ መሆኑ በዋዜማው ተነግሯቸው ታግሠው ቆይተው ነበር፤ ይኼኛው ጩኸት ግን አላስቀምጥ ብሏቸው መጡ።

«ምንድነው?» አሉ በጀርመንኛ።

«ሠርግ!» አሉ እትዬ በደስታ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆሙ። ዞር ሲሉ መላጦቹ የሱቅ መስታወት በድንጋይ እየሰባበሩ ነው።

ኦማ ቴሌቪዥኑን አዩ። እኛን አዩ። ከረባት ያሰሩትን ጋሼን አዩ። «ይኼ ነው ሠርጉ?» አሉ።

እኔ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሳቅ እየቀደመኝ አቃተኝ። እትዬ ግን ቀድመው ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው፣ ሳህን ጉልበታቸው ላይ ጫኑ። ኦማ እንደ እንግዳ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ማየት ጀመሩ። ብዙ ቆይተው «ቡትሱ በደንብ ተወልውሏል» አሉ። ቀጠሉና፣ «የኔው የልጅ ልጅ እንዲህ አይወለውልም» አሉ።

ይህን ስተረጉም ሳሎኑ ጸጥ አለ። የኦማን የልጅ ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። አያቱ ጋ የሚኖር፣ ቀለም ቅብ ሥራ የሚለማመድ፣ ራሱን የተላጨ ወጣት ነው። ምንም ያደረገን ነገር የለም። ሰላም ብሎንም አያውቅም። እትዬ ዘንድ ስንመጣ ታች ቆመን የቡትሱን ድምፅ አዳምጠን ነበር ደረጃ የምንወጣው። ኦማ ጸጥታችን ገባቸው መሰለኝ፣ ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። እትዬ አንድ ሳምቡሳ ጨመሩላቸው፤ ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ፊልሙ ግን አልጠበቀንም። ልጁ ከመላጦቹ ተጣልቶ፣ ተደብድቦ፣ በዝናቡ ብቻውን ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። የእናቱን በር አልፎ የጎረቤቱ በር ላይ ቆመ። በአንድ እጁ ድንጋይ ይዟል። ሌላውን እጁን ቀስ ብሎ አነሣ። አገጩ ይንቀጠቀጣል።

ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ። ካሴቱ አለቀ።

እንዲያ ያለ ጫጫታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። «አንኳኳ!» «ሰበረ!» «ድንጋዩን ለምን ይዞ መጣ ታዲያ?» «ሊጥለው ነው!» ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ጋሼ ታሪክን እየጠቀሱ ሰብሯል አሉ። ጸጉር ሰሪዋ «ያነሣው ባዶ እጁን ነው፣ ዓይናችሁ የት ነበር?» እያለች የእሳቸውን ክንድ ይዛ አነሣሡን ታሳያለች። እትዬ ከሁሉም በላይ ጮኸው ስልኩን ሳቡና ለንደን ደወሉ። ሁላችንም ዙሪያቸውን ተኮለኮልን።

ያነሣው አማቻቸው ነው። ድምፃቸውን እንደ ሰማ ይለማመጥ ጀመር። «እማዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ! የኔ ጥፋት ነው! እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ማሽኑ እንዲቀዳ አዝዤ ሄድኩ፤ ውስጡ የሠርጉ ቅጂ እንደነበረ ያወቅሁት ከተላከ በኋላ ነው፤ ዋናው ካሴት ደኅና ነው፣ ነገውኑ…»

«እሱን ተወው። ልጁ አንኳኳ ወይስ ሰበረ?»

«የቱ ልጅ?»

«መላጣው!»

«እማዬ፣ እኔ አላየሁትም። ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ያላየኸውን ምን ይሁን ብለህ ትቀዳለህ?» ብለው ዘጉበት። ምስኪኑ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ እንጃ።

ኦማ ምን እንደተባለ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አፋቸውን በናፕኪን ጠረግ አደረጉና «የልጅ ልጄ ያውቀው ይሆናል» አሉ። «ክፍሉ እንዲህ ባሉ የእንግሊዝ ካሴቶች የተሞላ ነው።»

ክርክሩ ዞረ። ይጠራ? እዚህ? አንዳንዶቹ እናቶች ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። አንዱ «እኔስ እቤቴ ልሂድ» ብሎ ተነሣ፤ ግን መጨረሻውን ሳይሰማ መሄድ አልሆነለትም መሰለኝ፣ በሩ ጋ ቆሞ ቀረ። ፊልም ውስጥ ያለ መላጣ ሌላ፣ ደረጃ የሚወጣ መላጣ ሌላ ነው። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ዛሬ ልጄን ድሬያለሁ፤ በሬ ክፍት ነው። ጥሩልኝ» አሉ።

ኦማ ከደረጃው ጫፍ ሆነው ወደ ታች ተጣሩ። ቡትሱ ሲወጣ ሰማን። በሩ ላይ የጫማውን ክምር ሲያይ እሱም ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። የቡትሱ ክር ደግሞ ማለቂያ የለውም። እንግዳ ሲገባ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ተነሥተን ቆመናል፤ እሱ ካልተቀመጠ መቀመጥ ነውር ነው። እሱ ክር ይፈታል፣ እኛ ቆመናል። ቀና ሲል፣ ሃያ የሚሆን ሰው ሙሉ ልብስና የሀበሻ ቀሚስ ለብሶ ቆሞ ያየዋል። ፊቱ ነጣ።

«ለምንድነው የቆሙት?» ብሎ አያቱን ጠየቀ።

«አላውቅም» አሉ ኦማ። «እንዲህ ናቸው።»

የግራ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል። ጸጉር ሰሪዋ ጣቱን አይታ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ወደ እሷ፤ ከዚያ ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን፣ ከዚያ ወዲያ መተያየት አደጋ ነበር።

ተቀመጠ። እትዬ ሳህን ሰጡት። እኔ ጥያቄውን አቀረብኩለት። ፊልሙን ወዲያው አወቀው፤ ከጓደኛው ተውሶ ደጋግሞ አይቶታል። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ፣ ቀስ እያለ ተናገረ፦ «ድንጋዩን አስቀመጠው። አንኳኳ።»

ስተረጉመው የጸጉር ሰሪዋ ወገን በእልልታ ፈነዳ። ልጁ ከወንበሩ ዘለለ።

«ግን የከፈተለት ሰው የለም» አለ። «በመስኮቱ አየ፤ ባዶ ነው። ለቅቀው ሄደዋል። አለቀ።»

«እንዴት አለቀ?» አሉ ጋሼ።

«በቃ፣ አለቀ።»

«የት ነው የሄዱት?» አሉ እትዬ።

«አይናገርም።»

«ጠይቂው እንጂ! የት ሄዱ? ዘመድ ጋ ነው?»

«እትዬ፣ እሱ አይደለም የሠራው።»

ኬክ የመቁረስ ያህል ሲጠብቁት የኖሩት መጨረሻ እንዲህ ሲሆንባቸው ሰዎቹ እሱን ተቆጡት። ልጁ ያላግባብ እየተከሰሰ፣ እየላበው፣ በምንም ቋንቋ የማይገባው ሙግት መሀል ሳምቡሳውን ገመጠ፤ ቃሪያው ደረሰው። የተላጨው ራሱ ከግንባሩ ጀምሮ እስከ ማጅራቱ ቀላ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ውሃ ሰጡት። ጋሼ አጠገቡ ተቀምጠው የመደቡን ጉዳይ በድሮው የዩኒቨርሲቲ ጀርመንኛቸው ከሥር መሠረቱ ጀመሩለት። ሳህኑ ጉልበቱ ላይ ነውና መነሣት አልቻለም።

እኔ በመሀል ገብቼ «አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት።

የውሃውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ መሄድ ነበረበት» አለ።

ይህን ስተረጉም ለመጀመሪያ ጊዜ የተቃወመ ሰው አልነበረም። እትዬ ራሱን በዓይናቸው ሲለኩት ቆዩና፣ «ኬኩን አላየም እኮ» ብለው ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሱ። ስለዚህ የኦማ የልጅ ልጅ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ ቀለበት ሲታሰር፣ ዘመድ ሁሉ በስም ሲነገረው አየ። ቢላው ተነሥቶ ዝናቡ ሲመጣ እሱም ከእኛ ጋር ሣቀ።

ስንወጣ ገና ብርሃን ነበር። ጋሼ፣ ጸጉር ሰሪዋና እኔ እየተከራከርን ጣቢያ ደረስን፣ እየተከራከርን ባቡር አመለጠን፣ እየተከራከርን በሚቀጥለው ተሳፈርን። ፉርጎው ውስጥ ማን እንዳለ እንኳ አላየሁም። አጠገባችን ትልቅ የገበያ ቦርሳ የያዘች ጀርመናዊት ተቀምጣለች። ሳቃችንና ጭቅጭቃችን አልገጥም ብሏት ይመስለኛል፣ ምን ሆናችሁ ነው ስትል ጠየቀች። ከድንጋዩ እስከ ባዶው መስኮት ነገርኳት።

ትከሻዋን ሰበቀች። «ምን ለቅቀው ሄዱ ትላላችሁ» አለች። «ቤት ውስጥ ነበሩ። መብራት አጥፍተው ተቀምጠው ነው። አልከፈቱለትም።»

ጋሼ ተነሥተው በባርኔጣቸው እጅ ነሷት። በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደን የስልክ ሳጥን ውስጥ ሦስታችንም ተጨናንቀን ገባን፣ እትዬ ዘንድ ደወልኩ።

«እትዬ! ቤት ውስጥ ነበሩ!»

ጆሮዬን ከስልኩ ማራቅ ነበረብኝ። ጩኸታቸውን ጋሼም ሰሙት፣ ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬም ሰማው። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ዞረው ለቀሩት ሰዎች ሲያውጁ፣ ሰዉ ለሁለት ሲከፈል፣ ከጫጫታው መሀል ደግሞ አንድ ወጣት በጀርመንኛ «አይደለም! አይደለም! ባዶ ነው፣ እኔ አይቼዋለሁ!» እያለ ሲሟገት ሰማሁ።